ጥያቄ አለኝ፦ ወርቁ የኮሪያ፣ ውሉ የአሜሪካ

ስለ ኮሪያ ያላችሁን ጥያቄ ላኩ ስል ይህን ያህል ይጎርፋል ብዬ አልጠበቅኩም። አብዛኛው ስለ ድራማ ተዋንያንና ስለ ፊት ቅባት ነው፤ እሱን ለሚያውቁት ትቻለሁ። ከቀሩት ውስጥ ግን ሰባቱ ሳይነጋገሩ አንድ ቦታ ገጥመዋል፤ ስለ ማዕድንና ስለ ወደብ፣ አገሪቱ በጃፓን እጅ ስለነበረችበት ዘመንና ከዚያ ጥቂት ስለሚቀድመው ጊዜ ነው የሚጠይቁት። ስለዚህ የዛሬው ዓምድ የነሱ ነው። ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት፤ እየቀነስኩ ልጽፍ ሞክሬ እኔው ራሴ ተምታታብኝ።

ከአዲስ አበባ፣ ገርጂ፦ «እኔና እህቴ የኮሪያ ድራማ ሱሰኞች ነን። በቅርቡ ያየነው ላይ በጃፓን ዘመን የወርቅ ማዕድን ያለው አሜሪካዊ አለ። እህቴ ‹ውሸት ነው፤ ጃፓን በያዘችው አገር አሜሪካ ወርቅ ስትቆፍር ዝም ትላለች?› ብላ ድርቅ አለች። በእራት ተወራርደናል። ማን ይክፈል?»

እህትሽ ትክፈል።

ኡንሳን የሚባል ወረዳ አለ፤ ዛሬ ሰሜን ኮሪያ ውስጥ ነው፣ ከፒዮንግያንግ ወደ ሰሜን። በ1895 የኮሪያ ንጉሥ ጎጆንግ የዚያን ወረዳ ወርቅ የማውጣት መብት ጄምስ ሞርስ ለሚባል አሜሪካዊ ነጋዴ ሰጠ። ሞርስ ገንዘብ አጠረው። መብቱን ሊ ሀንት ለሚባል ሌላ አሜሪካዊና ለሸሪኩ አስተላለፈ፤ እነሱም በ1897 ኦሪየንታል ኮንሶሊዴትድ ማይኒንግ የሚል ኩባንያ አቋቋሙ። በ1905 ጃፓን ኮሪያን «ጥበቃዬ ሥር ናት» አለች። በ1910 ጭራሽ ጠቅልላ የራሷ ግዛት አደረገቻት። ንጉሥ የለም፣ መንግሥት የለም፣ ኤምባሲ የለም። ኩባንያው ግን ንቅንቅ አላለም። እስከ 1939 ድረስ ቆፈረ።

እህትሽ ግን ጥያቄዋ ጥሩ ነው። ጃፓን ለምን ዝም አለች? አንደኛ፣ በ1910 ጃፓን የፈለገችው ኃያላኑ አገሮች ሳይንጫጩ ወረራውን እንዲቀበሉላት ነበር። ለዚያ ደግሞ የዜጎቻቸውን ጥቅም አለመንካት ያስፈልጋል። የወደብ ቀረጡን እንኳ ለ10 ዓመት በነበረበት እተዋለሁ ብላ ቃል ገባች፤ በሌላ አነጋገር «ቤቱ የኔ ሆኗል፣ እናንተ ግን ኪራይ አይጨመርባችሁም» አለቻቸው። ሁለተኛ፣ በሩን የዘጋችው ከኋላ ነው። በ1915 የወጣው የማዕድን ደንብ ለውጭ ሰው አዲስ ፈቃድ ከለከለ፤ የቆየው ፈቃድ ግን ባለበት ቀጠለ። ስለዚህ ድሮ የገባ አሜሪካዊ ውስጥ ነው፣ አዲስ የሚመጣው ውጭ ይቀራል። ቀስ ብሎ ማነቅ ማለት ይህ ነው።

ኡንሳን የተቆፈረው እንደኛ አገር ባህላዊ ወርቅ አውጪዎች በገበታ ውኃ እያጠቡ ብቻ አይደለም። ወርቁ ድንጋይ ውስጥ የተበተነ ነው፣ በዓይን አይታይም። ድንጋዩ ከጉድጓድ ይወጣል፣ ከባድ የብረት ዘነዘና ባላቸው መፍጫዎች ይደቅቃል፣ ከዚያ በኬሚካል ወርቁ ይለያል። ይህ ማሽንና ካፒታል ይጠይቃል። በአካባቢው ከድሮ ጀምሮ ወርቅ እያጠቡ የሚኖሩት ገበሬዎች አንድ ቀን ማለዳ ሲነቁ ወንዙም፣ ተራራውም፣ ለማገዶ የሚቆርጡት ዛፍም በውል የሌላ ሰው ሆኖ አገኙት። ብዙዎቹ እዚያው የቀን ሠራተኛ ሆኑ።

እዚህ ላይ ኮሪያውያን የሚወዱት ተረት ቢጤ አለ። በኮሪያኛ ዛሬ ድንገተኛ ሀብት፣ ሲሳይ፣ ሎተሪ የመሰለ ነገር «ኖዳጂ» ይባላል። ቃሉ የመጣው ከኡንሳን ነው ይላሉ፤ ወርቅ ያለበት ሣጥን ወይም ድንጋይ ብቅ ሲል አሜሪካኖቹ ሠራተኛውን «ኖ ተች! ኖ ተች!» እያሉ ይጮሁበት ነበር፣ ሰውም «ኖ ተች» ማለት ወርቅ ማለት መሰለው። ከቋንቋ ሰዎች የማይቀበሉትም አሉ። እኔ ግን እውነት ባይሆን እንኳ ማን እንደፈጠረው ይገባኛል፤ ወርቅ ሲያይ «አትንካ» የተባለ ሰው ነው።

ከደብረ ማርቆስ፣ ጡረታ የወጡ መምህር፦ «ንጉሡ ምን ነክቷቸው ነው እንዲህ ያለ ውል የፈረሙት? በጉቦ ነው ወይስ ባለማወቅ?»

ጋሼ፣ እኔም መጀመሪያ ያሰብኩት እንደርስዎ ነበር። ነገሩ ግን ከዚያ ጠለቅ ይላል፤ ትንሽ ይታገሱኝ።

በ1884 ሆራስ አለን የሚባል አሜሪካዊ ሚስዮናዊ ሐኪም ሴኡል ገባ። በመጣ በጥቂት ወራት ውስጥ የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ተደረገና ሚን ዮንጊክ የሚባል የንግሥቲቱ ቅርብ ዘመድ በሰይፍ ተቆራረጠ። የአገሩ ሐኪሞች ተስፋ ቆረጡ። አለን ሰፍቶ አዳነው። ከዚያ ወዲያ የቤተ መንግሥቱ በር ክፍት ሆነለት፤ በ1885 ንጉሡ ሆስፒታል አቋቋሙለት። ሰውዬው ቀስ በቀስ ከሐኪምነት ወደ ዲፕሎማትነት ዞረ። በአሜሪካ ሌጋሲዮን፣ ማለትም በኤምባሲዋ፣ ጸሐፊ፣ በኋላም ዋና መልእክተኛ ሆነ። የኡንሳንን ውል ለሞርስ ያስጨረሰው እሱ ነው። የሴኡልና የኢንቾን የባቡር ሐዲድ ውልም በ1896 ለዚያው ለሞርስ ተሰጠ፤ ሞርስ ገንዘብ አልሞላለት ሲል ለጃፓኖች ሸጠውና ባቡሩ በ1899 ሥራ ጀመረ። እንደ እኔ አስተያየት ከወርቁ ይልቅ የከፋው ይሄኛው ነው።

አሁን ንጉሡ ምን አሰቡ ወደሚለው ልምጣ። ጎጆንግ የቆሙት በቻይና፣ በጃፓንና በሩሲያ መሃል ነው። አሜሪካ ሩቅ ናት፣ መሬት አልፈለገችም፣ ስለዚህ አሜሪካኖች በአገሬ ትልቅ ንብረት ቢኖራቸው ለንብረታቸው ሲሉ እኔንም ይጠብቁኛል ብለው አሰቡ። ሞኝነት አይደለም፤ ደካማ አገር ያላት ካርድ ይኸው ነው። የኛም አጼ ምኒልክ በዚያው ዘመን፣ በ1894፣ የጅቡቲን ባቡር ኮንሴሲዮን ለአልፍሬድ ኢልግ ሲፈርሙ ባቡር ብቻ አልነበረም በልባቸው። ልዩነቱ እኛ ዘንድ ከሁለት ዓመት በኋላ ዓድዋ አለ። በዚያችው በ1896 የካቲት ወር ጎጆንግ ሴቶች በሰው ትከሻ በሚጓዙበት የተሸፈነ ወንበር ተሸሽገው ከገዛ ቤተ መንግሥታቸው ወደ ሩሲያ ሌጋሲዮን ሸሽተው ነበር፤ ንግሥታቸውን ጃፓኖች ከገደሉባቸው ገና አራት ወራቸው ነው።

ንጉሡ ሌጋሲዮን ውስጥ ተጠግተው ሳሉ ወረፋው ተጀመረ። ሩሲያ በሰሜን ማዕድንና በቻይና ድንበር ላይ ያለውን የያሉ ወንዝ ደን ወሰደች። ጀርመን «ለአሜሪካ የሰጣችሁትን ለኛም» አለች፤ የወርቅ ቦታ አገኘች። እንግሊዝ ተከተለች። ፈረንሳይም። ጃፓንም ጂክሳን የሚባለውን ወሰደች። በየውሉ ውስጥ «ለሌላ አገር የተሰጠ ጥቅም ለኛም ይገባናል» የሚል አንቀጽ ስለነበር አንዱን እምቢ ማለት አይቻልም። ለነገሩ ብዙዎቹ እንደ ኡንሳን አልቀናቸውም፤ የጀርመኖቹ ቦታ በጥቂት ዓመት ውስጥ ተዘጋ።

ገንዘቡን ልንገርዎት። መጀመሪያ በኡንሳን ንጉሡ ሩብ ድርሻ ነበራቸው። ሀንት መጣና ድርሻውን በ100,000 ዶላር ገዛቸው፤ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ 25,000 ዎን (የኮሪያ ገንዘብ) ብቻ ሊከፍል ተስማማ። ለተቸገረ ቤተ መንግሥት 100,000 ዶላር በእጅ መግባቱ ቀላል አይደለም። ግን ኩባንያው እስኪወጣ ድረስ ያወጣው ወርቅ 56 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ይገመታል። ሂሳቡን እርስዎ ከኔ በተሻለ ይሠሩታል።

ካርዱስ ሠራ? አልሠራም። በ1905 ጃፓን ጥበቃ ስትጭን አሜሪካ ሌጋሲዮኗን ዘግታ ከሁሉም ቀድማ ሄደች። አለን ራሱ የጃፓንን ነገር ተቃውሞ ስለነበር በዚያው ዓመት ከሥልጣኑ ተነሳ። ኩባንያው ግን ቀረ።

ከዱባይ፣ ትራንዚተር፦ «እኔ የምውለው ኮንቴይነርና ዲክላራሲዮን ውስጥ ነው። ስለ ወርቅ ሁሉም ያወራል። ወደቡስ? ምን ይገባ ነበር፣ ምን ይወጣ ነበር፣ ጉምሩኩን ማን ይይዝ ነበር?»

ወንድሜ፣ አንተ የጠየቅከው ነው ዋናው። ወርቁ ጥቂት ሰው ያበለጽጋል፤ አገር የሚገዛው በጉምሩክ በር ነው።

በ1876 ጃፓን የጦር መርከብ አምጥታ በጋንግህዋ ደሴት ውል አስፈረመች። በዚህ ውል ቡሳን ወዲያው፣ ዎንሳን በ1880፣ ኢንቾን ደግሞ በ1883 ተከፈቱ። ኢንቾን ያኔ ጄሙልፖ የምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር ነበረች። በኋላ ሞክፖ፣ ጂናምፖ፣ ጉንሳን፣ ማሳን ተጨመሩ። የውሉ ተከታይ ደንብ ላይ ምን አለ መሰለህ? ቀረጥ የለም። ዜሮ። ገቢም ወጪም። የኮሪያ ሹማምንት ያኔ ቀረጥ ማለት ለአንድ መንግሥት ምን እንደሆነ አልተረዱትም ነበር።

በ1878 ገባቸው። ቡሳን አጠገብ ዱሞጂን በሚባል ቦታ ኬላ አቁመው ቀረጥ መሰብሰብ ጀመሩ፣ ያውም ከገዛ አገራቸው ነጋዴዎች ብቻ። የጃፓን ነጋዴዎች ገበያችን ተበላሸ ብለው ጮሁ። የጦር መርከብ መጣ። ኬላው ተነሳ። አስበው፣ በራስህ አገር፣ ከራስህ ሰው ላይ፣ ቀረጥ መሰብሰብ አትችልም።

ቀረጥ የተጀመረው በ1883 ነው። የጉምሩክ ባለሥልጣኖቹ ግን ፈረንጆች ነበሩ፤ የመጀመሪያው ኃላፊ ፓውል ፎን ሞለንዶርፍ የሚባል ጀርመናዊ ነው፣ ቻይና ናት የላከችው። የተሰበሰበውን ገንዘብ የሚያስቀምጠው ደግሞ ዳይኢቺ የሚባለው የጃፓን ባንክ ነው። ይኸው ባንክ ከ1902 ጀምሮ ኮሪያ ውስጥ የራሱን የብር ኖት አሳተመ። የሰው አገር የግል ባንክ፣ ያንተን ጉምሩክ ይዞ፣ ያንተን ብር ያትማል፤ ወርቅህንም ይገዛል።

ምን ይገባ ነበር? ከሁሉ በላይ አቡጀዲ። የማንቸስተር ጨርቅ በሻንጋይና በናጋሳኪ በኩል በቻይናና በጃፓን ነጋዴዎች ተጭኖ ይመጣል። ከዚያ የአሜሪካ ላምባ። መርፌ፣ ቀለም፣ ክብሪት፣ ኪኒን። ምን ይወጣ ነበር? ሩዝ፣ አኩሪ አተር፣ የከብት ቆዳ፣ ወርቅ። በ1886 በአገሪቱ ጋዜጣ ላይ የወጣው የመጀመሪያው የንግድ ማስታወቂያ የጄሙልፖው ጀርመናዊ ነጋዴ የማየር ድርጅት ነው። እንገዛለን ካለው ውስጥ የነብር ቆዳ፣ የፈረስ ጭራ፣ የሰው ፀጉርና የመዳብ ሳንቲም ይገኛሉ፤ ከሚሸጠው ደግሞ ሰዓት፣ የሚዘፍን ሣጥንና መርፌ። ማስታወቂያውን ባነበብኩ ቁጥር የሚገርመኝ የሚዘፍነው ሣጥን ነው። ፀጉርህን ሸጠህ ሣጥን ሲዘፍን ትሰማለህ።

አንድ ታሪክ ልጨምርልህና ልለፍ። በ1889 የሃምግዮንግ አውራጃ ገዥ እህል ስላነሰ አኩሪ አተር ከዎንሳን እንዳይወጣ ከለከለ። ውሉ ይህን ይፈቅዳል፤ ግን ከአንድ ወር በፊት ማሳወቅ አለበት ይላል። ጃፓን «በትክክል አልተነገረንም» ብላ የነጋዴዎቿን ኪሳራ ጠየቀች፣ ክርክሩ ዓመታት ፈጀ፣ በ1893 ኮሪያ 110,000 ዬን ካሣ ከፈለች። ረሃብ ያሰጋው አገር እህሉን ስላስቀረ ተቀጣ። ወረቀት ላይ ስትጫወት አንዲት ቀን ምን ዋጋ እንዳላት አንተ ታውቃለህ።

ከባሕር ዳር፦ «ሩዝ አብቃዩ ሕዝብ ሩዝ አጥቶ ሌላ እህል ይበላ ነበር የሚባለው እውነት ነው?»

እውነት ነው። በ1918 ጃፓን ውስጥ ሩዝ ተወድዶ ከተማው ሁሉ በአመፅ ተናወጠ። መፍትሔው ከኮሪያ ብዙ ሩዝ ማምጣት ሆነ፤ በ1920 የሩዝ ምርት ማሳደጊያ ዕቅድ ወጣ። መስኖ ተቆፈረ፣ ምርት በርግጥ ጨመረ። ወደ ጃፓን የሚጫነው ግን ከምርቱ ፈጥኖ ጨመረ፤ በ1930ዎቹ ከምርቱ ግማሽ የሚጠጋው ባሕር ተሻገረ። የደቡቡ ሜዳ ገበሬ በአብዛኛው ጭሰኛ ነው፣ ከምርቱ ግማሹን፣ አንዳንዴም በላይ፣ ለባለመሬቱ ይሰጣል፣ የመስኖ ክፍያ አለበት፣ ዕዳ አለበት፤ ስለዚህ ያመረተውን ሩዝ ሸጦ ከማንቹሪያ የመጣ ዳጉሳ መሰል እህል ገዝቶ ይበላል። የሰው የሩዝ ድርሻ በዓመት በዓመት ቀነሰ።

ጉንሳንን ያየ ሰው ይገባዋል። ባሕሩ ሲሞላና ሲጎድል ልዩነቱ ትልቅ ስለሆነ ከውኃው ጋር ከፍ ዝቅ የሚሉ ተንሳፋፊ ድልድዮች ተሠሩ፤ ሩዙ በማንኛውም ሰዓት እንዲጫን። በኢንቾን ደግሞ ልዩነቱ 9 ሜትር ገደማ ስለሚደርስ በ1918 የውኃ በር ያለው ትልቅ የመርከብ ማቆሚያ ተመረቀ። ያንን ከሠሩት ውስጥ እስረኞች አሉ፤ አፈር በጀርባ እየተሸከሙ። ከእስረኞቹ አንዱ ኪም ጉ ይባላል። ስሙን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ከቨርጂኒያ፦ «የሥራ ባልደረባዬ ‹ጃፓን ባትገዛቸው ኮሪያ ባቡርና ፋብሪካ አይኖራትም ነበር› ይላል። ምን ልበለው? እኛም ጣሊያን መንገድ ሠራልን የሚል አጎት አለን።»

የማንኛችን ቤት ነው እንዲህ ያለ አጎት የሌለው! መንገዱ መሠራቱን አትካጂው። ያልተሠራ አስመስሎ መከራከር ሽንፈት ነው። ይልቅ ሐዲዱ ከየት ወዴት እንደሚሄድ ካርታ ላይ አሳዪው። የቡሳንና ሴኡል ባቡር በ1905 ተከፈተ፣ በዚያው ዓመት ከጃፓኗ ሺሞኖሴኪ ወደ ቡሳን የሚመላለስ መርከብ ጀመረ፣ በ1911 የያሉ ወንዝ ድልድይ ተሠርቶ ሐዲዱ ማንቹሪያ ገባ። ቶኪዮ የተሳፈረ ወታደር መርከብ ተሻግሮ በባቡር ቻይና ድንበር ይደርሳል። ኮሪያ መተላለፊያ ሆነች፤ ኮሪዶር እንደምንለው።

ፋብሪካም ነበር። ኖጉቺ የሚባል ባለሀብት በሰሜን፣ ሁንግናም ላይ፣ በተራራ ወንዞች ኤሌክትሪክ የሚሠራ ግዙፍ የማዳበሪያ ፋብሪካ አቆመ፤ ሥራ የጀመረው በ1930 ነው። ማዳበሪያው ለየትኛው ሩዝ? ለዚያው ለሚጫነው። በማዕድኑም እንደዚያው ነው፤ ጂናምፖ ላይ ማቅለጫ፣ ግዮሚፖ ላይ የሚትሱቢሺ ብረት ፋብሪካ፣ ሁሉም ወደብ ዳር ነው የተቀመጡት። ባለቤቱ፣ መሐንዲሱ፣ ፎርማኑ ጃፓናዊ ነው። ኮሪያዊው ለተመሳሳይ ሥራ ግማሽ ገደማ ደሞዝ ይከፈለው ነበር። ከ1939 በኋላማ በደሞዝ ማነስ የሚያበቃ አልሆነም፤ ወጣቶች በግዳጅ ወደ ጃፓን ማዕድን ተጫኑ። ከተጫኑባቸው ቦታዎች አንዱ የሳዶ የወርቅ ማዕድን ነው፤ በ2024 በዩኔስኮ ሲመዘገብ የኮሪያውያኑ ጉዳይ ሁለቱን መንግሥታት እንደገና ያነታረከው ለዚህ ነው። ባልደረባሽን አንድ ነገር ብቻ ጠይቂው፤ የጭነት ደብዳቤው ላይ ተቀባይ የሚለው ቦታ የማን ስም አለ?

ከአዳማ፦ «ኮሪያዊ ሆኖ በወርቅ የከበረ የለም? ሁሉም ተበዳይ ብቻ ነው?»

አለ እንጂ፣ ያውም እንደ ፊልም። ጃፓን በ1931 መጨረሻ የገንዘቧን ዋጋ ከወርቅ ጋር ማሰሯን ተወች፤ ዬን ወደቀ፣ የወርቅ ዋጋ በጥቂት ዓመት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ተወነጨፈ። መንግሥት ደግሞ ከውጭ ነዳጅና ብረት የሚገዛው በወርቅ ስለሆነ ለቆፋሪ ድጎማ ሰጠ። በቃ፣ አገሩ አበደ። ገበሬው፣ ሐኪሙ፣ ጠበቃው፣ ደራሲው ሳይቀር መዶሻ ይዞ ተራራ ወጣ። የሠራለት ጥቂት ነው። ባንግ ኡንግሞ የሚባል የገጠር ጋዜጣ አከፋፋይ ዓመታት ከቆፈረ በኋላ ወርቅ መታ፣ ማዕድኑን በ1932 ለጃፓን ኩባንያ በ1,350,000 ዎን ሸጠ፣ በማግስቱ ዓመት «ቾሰን ኢልቦ»ን ጋዜጣ ገዛ። ጋዜጣው ዛሬም ከአገሪቱ ትልልቆቹ አንዱ ነው። ሌላው ቾይ ቻንግሃክ ነው፣ ከድሃ ቤት ወጥቶ በኩሶንግ ወርቅ አግኝቶ ለሚትሱይ የሸጠ፤ «የወርቅ ንጉሥ» ተባለ። ሁለቱም ከጃፓን መንግሥት ጋር በመሥራታቸው ዛሬ በኮሪያ ስማቸው ሲነሳ ክርክር አለ። በጦርነቱ ጊዜ ለጃፓን ሠራዊት አዋጥተዋል።

የኡንሳን አሜሪካኖችም የወጡት በዚሁ የወርቅ ጥማት ምክንያት ነው። መንግሥት ወርቁን እኔ በወሰንኩት ዋጋ ለኔ ሽጡ፣ ዶላርም እንደልብ አታወጡም አለ። ኩባንያው በ1939 ሁሉን ነገር ለጃፓን ማዕድን ድርጅት በ8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሸጦ ሄደ። አስቂኙ ነገር ከዚያ በኋላ ነው፤ በ1941 መጨረሻ ጃፓን ከአሜሪካ ጋር ስትዋጋ በወርቅ የሚሸጥላት አጣች፣ በ1943 የወርቅ ማዕድኖቹ እንዲዘጉ ታዘዘ፣ ማሽኑ ተነቅሎ ወደ መዳብና ወደ ሌላ የጦር ማዕድን ሄደ። ኖዳጂው አለቀ።

ከአዲስ አበባ፣ የቃኘው ዘማች የልጅ ልጅ፦ «አያቴ ‹ፑሳን ወደብ ስንደርስ› እያሉ ነበር ታሪካቸውን የሚጀምሩት። በመስከረም ለትምህርት ሴኡል እሄዳለሁ። ያ ዘመን በዓይን የሚታይበት ቦታ ካለ ጠቁሙኝ።»

እንኳን ደስ ያለሽ። የመጀመሪያዎቹ የቃኘው ዘማቾች በ1951 ከአዲስ አበባ በባቡር ጅቡቲ፣ ከዚያ በመርከብ ቡሳን (አያትሽ ፑሳን የሚሉት) ወረዱ፤ ግንቦት ላይ ነው የደረሱት። ያ ወደብ ጃፓን ለወታደሯና ለሩዟ ያሰፋችው ነው። አያትሽ የረገጡት መሬት ማለት ነው። ቹንቾን ያለውን የኢትዮጵያ መታሰቢያ ሌላ ሰው ሳይነግርሽ አይቀርም፤ እኔ ሌላ ልጠቁምሽ።

በምድር ባቡር መስመር አንድ ኢንቾን ውረጂ። የድሮው የጃፓንና የቻይና ሰፈር በአንድ ደረጃ መሃል ይለያያሉ፤ ደረጃው ላይ ቆመሽ ግራና ቀኙን ካየሽ የሁለት አገር ቤት ነው። ያ ብር ያተመው ዳይኢቺ ባንክ ቅርንጫፍ ሕንፃም አለ፣ ሙዚየም ሆኗል። ቀን ከተረፈሽ ጉንሳን ሄደሽ በ1908 የተሠራውን ቀይ ጡብ ጉምሩክ ቤት እዪ።

ሴኡል ውስጥ ደግሞ ሁለት ቤት አለ። አንዱ ዲልኩሻ ይባላል፤ «የልብ ደስታ» ማለት ነው። የሠራው አልበርት ቴይለር ነው፤ ኡንሳን ላይ ከሠራው አባቱ ጋር ለወርቅ የመጣ፣ ኋላ የራሱን ማዕድንና የንግድ ቤት የከፈተ አሜሪካዊ። በ1919 የካቲት መጨረሻ ሚስቱ ሆስፒታል ወንድ ልጅ ወለደች። በዚያው ሰሞን የኮሪያ የነጻነት አዋጅ እዚያው ሆስፒታል ተደብቆ ነበርና ቴይለር ቅጂውን ከሕፃኑ አልጋ ሥር አገኘው። እሱ ለአሜሪካ የዜና ወኪል ይጽፍ ነበር፤ ወንድሙ ወረቀቱን በጫማው ተረከዝ ደብቆ ቶኪዮ አደረሰለት፣ ወሬው ዓለም ዞረ። በ1942 ጃፓኖች ከአገር አባረሩት። ሲሞት አመዱ ወደ ሴኡል ተመልሶ ከአባቱ አጠገብ ተቀበረ። ወርቅ ፍለጋ ከመጡት ሁሉ እሱን እወደዋለሁ፣ አልደብቅሽም።

ሁለተኛው ክዮንግግዮጃንግ ነው። የወርቅ ንጉሡ ቾይ ቻንግሃክ በ1938 ያሠራው ቪላ፤ ዛሬ የአንድ ትልቅ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ተደብቋል፣ ካልጠየቅሽ አልፈሽው ትሄጃለሽ። በ1945 ጃፓን ስትሸነፍ ቾይ ቤቱን ከስደት ለተመለሰው የነጻነት መሪ አስረከበ። ለማን? ለኪም ጉ። ኢንቾን ወደብ ላይ በእስረኝነት አፈር የተሸከመው ሰውዬ በወርቅ የተሠራ ቤት ገባ። አራት ዓመት አልሞላውም። በ1949 ሰኔ 26 ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጦ ሳለ፣ አንድ የጦር መኮንን ተኩሶ ገደለው። ስትገቢ ወደ ላይ ውጪና መስኮቱን እዪ፤ ጥይቱ የበሳው መስታወት እንደነበረ ሆኖ ተሠርቶ ተቀምጧል።